የአባ ንጋት እንቅልፍ

ከተማው ሲተኛ የሚነሳ፣ ከተማው ሲነሳ የሚተኛ ሰው ነው። የሌሊት አውቶቡስ ሹፌር በመሆኑ ሰፈርተኛው አባ ንጋት ይለዋል። የሚጭነው የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን፣ ዘበኞችንና ዳቦ ጋጋሪዎችን ነው። እነሱም ገና ከመቀመጣቸው አንገታቸውን ሰብረው ያንቀላፋሉ። እሱ በመስታወት እያያቸው፣ ጉድጓዱን አንድ በአንድ እያለፈ፣ ፍሬኑን በቀስታ እየረገጠ ይነዳል። "እኔ እኮ የምነዳው መኝታ ቤት ነው" ይላል ሲቀልድ። ቀልዱ ግን ኩራቱም ነበር። በዚህ ዓለም የሚመካበት ነገር ቢኖር ሰው አምኖት መተኛቱ ብቻ ነው።

እሱ ራሱ የሚተኛው ጠዋት ገብቶ እስከ ማምሻው ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ስለሚኖር፣ ጸጥታውን የሚጠብቅለት፣ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ፣ ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ልጆች በሩ ላይ ኳስ ሲያነጥሩ "ሂዱ ወዲያ፣ ሰውዬው ተኝቷል" ብሎ ያባርርለታል። አባ ንጋትም ውለታ አያውቅም አይባልም። የአስተካካዩ ጣሪያ ሲያፈስ ወጥቶ የደፈነው፣ ልጁን ሲድር ቤቱን ለእንግዳ ለቆ አውቶቡስ ውስጥ ያደረው፣ ታሞ ሲተኛ አጠገቡ የተቀመጠው እሱ ነው። ለምኖት እንቢ ያለው ቀን የለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ሰፈርተኛው ይህን ሲል እነሱን ነበር የሚያሳየው።

ከዚያ ፌስቲቫሉ መጣ። በየዓመቱ ይመጣል። መንገዱ በገመድ ይታጠራል፣ ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ለመግባት ገመድ ይሻገራል፣ ግድግዳው የመጣ የሄደው ሁሉ መሽኛ ይሆናል። ጋዜጣው "ከተማዋ በደስታ ደምቃ ዋለች" ብሎ ይጽፋል። ደምቃ ዋለች የሚለው ሰውዬ ሌላ ሰፈር ሄዶ እንደሚያድር ግን አይጽፍም።

ድሮ የድምፅ ማጉያው የሚቆለለው ከመንገዱ ጫፍ፣ አሮጌው መጋዘን ጋ ነበር። ዘንድሮ መጋዘኑ ፈረሰ። አባ ንጋት በመጀመሪያው ቀን ጋደም ከማለቱ አልጋው ሥር ከበሮ የተመታ መሰለው። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽና ያለው ብርጭቆ እርስ በርሱ ይጋጫል። በካልሲው ሲወጣ ቁመቱን የሚያህሉ ድምፅ ማጉያዎች ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ቆመዋል።

አስተካካዩ በሩ ላይ ነበር። "ጉድ እኮ ነው" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "እነዚህ ሰዎች ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባቸውም።" ገብቶ ጥጥ አመጣለትና "በል ጆሮህ ውስጥ ክተት። አናግሬያቸዋለሁ፣ ነገ ያነሱታል" አለው።

አባ ንጋት አመስግኖ ገባ። ከከተማው ዳር የምትኖር እህት አለችው፤ ሄዶ እዚያ ሊተኛ አስቦ ነበር። ግን ነገ ይነሳል ከተባለ ምን አስኬደው? በማግስቱም "ነገ" ተባለ። በሦስተኛውም ቀን "ነገ"። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ሥራ ይገባል፣ ሳይዞር ይመለሳል።

በመጨረሻ ሊነጋጋ ሲል፣ ሆስፒታሉ አጠገብ፣ ዓይኑ ተከደነ። ለትንፋሽ ያህል ነው። ጎማው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ወጣ፣ አውቶቡሱ ዘለለ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ግንባሯን ከመስታወቱ ጋር አጋጨች። "ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ፣ ይንዱ" አለችው ግንባሯን እያሻሸች። ሌሎቹ ግን ነቅተው ያዩታል። ሁሉም ነቅተው ሲያዩት የመጀመሪያው ነበር።

በሌሊት ሹፌሮች ዘንድ አንድ ልማድ አለ፤ እንቅልፍ ያሸነፈው ሳይጠየቅ ራሱ ቁልፉን ያስረክባል። ያስረከበ ደግሞ ወደ ሌሊት ሥራ አይመለስም። አባ ንጋት ቁልፉን የስምሪት ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

"ጋሼ፣ ያውቃሉ አይደል?" አለች በሐዘን።

"አውቃለሁ።"

"ምን ሆነው ነው ያልተኙት?"

"ሰፈሬ ፌስቲቫል ነው።"

እሷም ሳቋ አመለጣት። "እርስዎም ይጨፍራሉ እንዴ?"

ቤቱ ሲደርስ ፌስቲቫሉ አልቆ፣ የድምፅ ባለሙያው ሽቦውን እየጠቀለለ ነበር። አባ ንጋት ሊጣላ አልፈለገም፤ ጉልበቱም አልነበረውም። "ልጄ፣ ምን በድያችሁ ነው ግድግዳዬ ላይ ያቆማችሁት?" ብቻ አለው።

ልጁ ደነገጠ። "ቤቱ ውስጥ ነበሩ እንዴ? ይቅርታ፣ አባባ። ልናቆመው የነበረው ወዲያኛው፣ የጎረቤትዎ ግድግዳ ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ 'እኛ ቤት ያለችው የልጄ ልጅ ገና ጨቅላ ናት፣ ወዲህ አድርጉት፤ የዚህኛው ቤት ሰውዬ ሌሊት የለም' አሉን። ከዚያ በኋላ አንስታችሁ አዛውሩት ያለንም ሰው የለም።"

ሌሊት የለም። ውሸት የለበትም። የደበቀው ቀኑን ነው፤ ያውም ቀኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር።  ጥጡን ሲያቀብለው እንዴት ዓይኑን አላሸም?

ሲመሽ አስተካካዩ ሱቁን ሲዘጋ አገኘው። "ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር" አለው። "እህቴ ቤት ሄጄ እተኛ ነበር።"

አስተካካዩ አልካደም። መጥረጊያውን ተደግፎ መሬት መሬት አየ። "እሺ እንደምትል ስለማውቅ ነዋ ያልጠየቅኩህ። ስንት ጊዜ ልለምንህ? ሁልጊዜ አንተ ሰጪ፣ እኔ ተቀባይ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልለምንህ ቢሆንልኝ ብዬ ነው።"

"ጥጡስ? ነገ፣ ነገ ስትለኝ የነበረውስ?"

አስተካካዩ የተጠረገውን መሬት እንደገና ይጠርግ ጀመር። አባ ንጋት ቢሰድበው ደስ ባለው፣ ስድቡ ግን አልመጣለትም። ይህ ሁሉ ዓመት ደግነቱ ሰውየው ላይ ሸክም ሆኖ መኖሩን መስማት ከድምፅ ማጉያው የባሰ ነበር።

አስተካካዩ ሰዓቱን አየ። "ይልቅ እየመሸ ነው። ዛሬ ሥራ አትገባም እንዴ?"

አባ ንጋት ሊነግረው አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወው። ቢነግረው ይቅርታ ይለምነዋል፤ እሱም እንደ ልማዱ እሺ ይላል።

"እረፍት ነኝ" አለው። ለዚህ ሰው ሲዋሽ የመጀመሪያው ነበር፤ ሲቀለውም ታወቀው።