የእህቴ የጨጓራ መድኃኒት

በእኛ ቤት ጨጓራ ከበሽታ አይቆጠርም ነበር። ጂንካ ገበያው አጠገብ ሱቅ የነበራት ታላቅ እህቴ ከባንኮኒው ሥር ወተት በጠርሙስ ታስቀምጣለች፤ ሆዷን ሲያቃጥላት ጎንጨት ትልና ሽንኩርት መመዘኗን ትቀጥላለች። በጾም ወተቱ ይቀርና በተልባ ይተካል። ሐኪም ቤት ሂጂ ስላት፣ ሰው ለጨጓራ ሐኪም ቤት ይሄዳል እንዴ ብላ ትስቅብኝ ነበር።

እኔ ከጂንካ ወጣ ብላ ባለችው ገዘር ከተማ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤታችን የመጣ የጤና ባለሙያ የጨጓራ ባክቴሪያ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ለዓመታት ከተተወ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል፣ በሰገራ ምርመራ እንደሚታወቅ ነገረን። መምህራኑ ተሳሳቁ። እኔ ግን እህቴ ትዝ አለችኝና በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጂንካ ወረድኩ።

እሷን ያስፈራት ካንሰሩ አልነበረም፤ የሰገራ መያዣው ብልቃጥ ነበር። የላቦራቶሪው ልጅ ደንበኛዋ ነው።

"ጠዋት ስኳር የሸጥኩለትን ልጅ ከሰዓት ይሄን ላስይዘው?" አለችኝ።

ለምኜ ለምኜ ደከመኝ። በመጨረሻ ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ ዘንቢል ውስጥ ከትታ፣ ከላዩ ጎመን ጣል አድርጋበት ሄደች። ባክቴሪያው ተገኘባት። ሁለት ሳምንት የሚዋጥ ኪኒን ተሰጣትና፣ ቢሻልሽም አንዱንም እንዳታስቀሪ ተባለች። ብዙም ሳይቆይ ቃጠሎው ተዋት፤ ስልክ ደውላ መረቀችኝ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተውኩት።

ከዓመታት በኋላ ምግብ አልወርድ አላት። አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ሐዋሳ አመላለስናት። የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ቆይቷል አሉን።

የኪኒኑን ነገር የሰማሁት ለቅሶዋ ላይ ነው። ከካኮ መጥታ ገበያው ላይ ከእህቴ ጋር ያረጀች አንዲት ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እያለቀሰች ስለ ደግነቷ ታወራኝ ጀመር። ሆዷን ባመማት ጊዜ እህቴ የራሷን ኪኒን በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ቋጥራ እንደሰጠቻት ነገረችኝ። ማዶ የተቀመጠችው ሴት ለእኔም ሰጥታኛለች አለች። ሌላዋም እንዲሁ። በእኛ ሰፈር ጎረቤቱ ሆዱን ይዞ እያየው መድኃኒቱን ብቻውን የሚውጥ ሰው ንፉግ ይባላል። እህቴ ደግሞ በዚህ ስም መጠራትን አጥብቃ ትፈራ ነበር።

ብትጨርሰው ኖሮ ትድን ነበር ብዬ አልምልም። ግን ይቆጨኛል፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያኔ ሴቶቹን ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ከልባቸው እያለቀሱ ምን ብዬ ልቆጣቸው? እባካችሁ ተመርመሩ፣ ከባድ ነገር የለውም፣ ከተገኘባችሁም መድኃኒቱን ለማንም አታካፍሉ አልኳቸው። የካኮዋ ሴት ራሷን እየነቀነቀች በደንብ አዳመጠችኝ። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ልጄ፣ እኔን አሁንም ያቃጥለኛል" አለችኝ። "ከዚያ ኪኒኗ የተረፈ ሱቁ ውስጥ ይኖር ይሆን?"