ለአራት ቅዳሜ ማካካሻ

ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ናዝሬት እህል መጋዘን ስሠራ፣ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ከወረቀቱ ጋር እያስተያየሁ በራሴ ነው ማንበብ የቻልኩት። ኖርዌይ ስመጣም ኖርዌይኛን ከወተት ካርቶን ላይ ለቅሜዋለሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ኦስሎ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለልጆች የአማርኛ አስተማሪ ስትፈልግ፣ ዲግሪ ያላቸው ሁለት ሰዎች ጊዜ የለንም አሉ። እኔ ተቀበልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጄ ሳያነብ የወጣ ልጅ የለም፤ ይህን የሚክድ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የማስተምረው ሊንደሩድ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት። እኔ የምኖረው ከሸለቆው ማዶ፣ ትሮስተሩድ ነው። የበሩ ቁልፍ ያለው በእኔ እጅ ብቻ ነበር።

ከልጆቹ መካከል አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ሌሎቹን ወላጆቻቸው እየጎተቱ ያመጧቸዋል፤ እሷ ሰፈሯ ስለሆነ ብቻዋን፣ ወዳ ትመጣለች። እናቷ የአረጋውያን መጦሪያ ስለምትሠራ ብዙውን ቅዳሜ ቤት የለችም። አንድ ቀን ልጅቷ፣ “በረዶ ከበዛስ?” ብላ ጠየቀችኝ።

“በረዶ ቢወርድ፣ ሰማይ ቢወርድ፣ እኔን በሩ ላይ ታገኚኛለሽ” አልኳት። ሌሎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ከገና በኋላ በረዶው ባቡሩንም አውቶቡሱንም አቆማቸው። ጠዋት ለየቤቱ እየደወልኩ “ዛሬ ትምህርት የለም” አልኩ። የልጅቷ ቤት ስልክ አልተነሳም። በዚህ ቀን ማን ልጁን ያወጣል ብዬ ተውኩት። እኛ ዝናብ ሲጠና ከቤት መቅረት የለመድን ሰዎች ነን፤ ትምህርት ቀረብኝ ብሎ የሚቆጭ አይገኝም። በዚህ ዓይነት እስከ የካቲት መጀመሪያ አራት ቅዳሜ ሄደብን።

ወላጆች ለማካካሻው ተሰበሰቡ። አንዱ አባት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት፣ በቪንተርፈርየው ይሁን አለ።

“ከበረዶ መንሸራተቻው፣ ከስኪው ላይ አንተ ታወርዳቸዋለህ?” አለችው ሚስቱ።

ሌላው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ይሁን ሲል፣ “ከዚያ ስብከት በኋላ እንኳን ልጆቹ እኛም ፊደል አንለይም” አሉት። ያን ጊዜ ተነሣሁ። አራት ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ነው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ብንጨምር በአሥራ ስድስት ቅዳሜ ይሞላል አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

ልጅቷ ግን ከዚያ የመጀመሪያ በረዶ ወዲህ አልመጣችም። ለእናቷ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ ምን ልበልዎት፣ እምቢ ብላለች። ያን ቅዳሜ በስኪ መጥታ፣ በሩ ላይ አንድ ሰዓት ቆማ ተመለሰች።”

“መንገዱ ተዘግቶ ለምን ወጣች?”

“የኖርዌዮቹ ትምህርት ቤት በበረዶ አይዘጋማ። በበረዶ ቀን ትምህርት የለም የሚባል ነገር ከየት ታውቀዋለች?”

ያን ቀን የቀረው ተማሪ ሳይሆን አስተማሪው ነበር። ቤታቸው ሄድኩና ልጅቷን አጠገቤ አስቀመጥኳት።

“ማካካሻ ሠርቻለሁ” አልኳት። “የአንቺም ሰዓት እዚያ ውስጥ አለ።”

“ናይ፣ አይደለም” አለች። “እሱ ሌላ ሰዓት ነው። አንተ በሩ ላይ ታገኚኛለሽ አልክ። አላገኘሁህም።”

“እርስዎ በይ” አለች እናቷ።

“እርስዎን አላገኘሁህም።”

እናትየው ሳቋን ለመደበቅ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እኔ አልሳቅኩም። ስንት ትልቅ ሰው ተከራክሬ የረታሁ ሰውዬ፣ ኮፍያዬን አንሥቼ ወጣሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያችን የተጨመረች ግማሽ ሰዓት ልብ ብዬ አየኋት። ልጆቹ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ መስኮት መስኮቱን እያዩ ያሳልፏታል። ሰዓቱ ይሞላል፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚገባ ነገር ግን አልነበረም።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ጠዋት በረዶው እንደገና ወረደ። ባቡርም ቆመ። ለሌሎቹ የለም አልኩ። ለእናቷ ግን፣ “ለአንቺ አለ በያት” አልኳት።

“ጋሼ፣ በምን ይመጣሉ?”

“በእግሬ።”

ሸለቆውን ወርጄ፣ በፋብሪካዎቹ መካከል አልፌ፣ ዳገቱን ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። በዕድሜ የሚያንሱኝ ከአልጋቸው ባልወረዱበት ቀን አራት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። በሩን የከደነውን በረዶ በእግሬ ጠርጌ ከፈትኩት፤ ውስጡ ሙቀት ነበረ። ነገር ግን ያልኳት በሩ ላይ ነው፤ አልገባሁም።

አራት ሰዓት አለፈ። አራት ተኩልም አለፈ። እግሬ ደነዘዘ። እኔ ወፍራም ካፖርት ለብሼ፣ ክፍት በር ከኋላዬ ይዤ እንዲህ ከሆንኩ፣ የተቆለፈ በር ፊት የቆመች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ሆና ይሆን? ቀድሞ በሰዓት ቆጥሬ የደመርኩት ይህንን ነበር። ላትመጣ እንደምትችልም ገባኝ፤ መብቷ ነው።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከሕንፃዎቹ መካከል በስኪ እየተንሸራተተች ብቅ አለች። አጠገቤ ደርሳ ቆመች።

“ብዙ ቆየህ?”

“አንድ ሰዓት ያህል።”

“ያ” አለች፣ እሺ እንደ ማለት፤ ስኪዋን ፈትታ ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ቀድማኝም ገባች። ደብተሯን አወጣች። ሌሎቹ ከደረሱበት ልጀምርላት ስል፣ ገጹን ወደ ኋላ ገልጣ፣ በታኅሣሥ ያቆምንበት መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያው ጀመርን።