በጥርሱ የሚያዳምጠው ሰው

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሸማኔ ማረፉን የሰማሁት አቃቂ ገበያ፣ ከሙህዲን ሬዲዮ ሱቅ የባትሪ ድንጋይ ስገዛ ነው። «ያ ጊታር ነካሹ ሞተ እኮ» አለኝ ሙህዲን። ስሙን እሱም አያውቀውም።

ቅዳሜ ከፈረቃ ሲወጣ፣ ብናኝ ጥጥ ጸጉሩ ላይ እንዳለ ወደ ሱቁ ይመጣ ነበር። ግድግዳው ላይ ከጃንሆይ ፎቶ ግራና ቀኝ ሁለት ቀያይ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ተሰቅለዋል፤ ለእኔ ዓይን መንታ ናቸው። አንዱን ያወርድና ክሩን መትቶ የእንጨቱን ጠርዝ በጥርሱ ይይዛል። ወዲያው ወደ ሌላው ይዞራል። ተሰናብቶ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ እንኳ ይመለሳል።

«ሰውዬ፣ ጊታር ነው ሸንኮራ?» ይለዋል ሙህዲን።

«ጆሮዬን ማሽኑ በላው፤ ጥርሴ ግን ገና ይሰማል!» ይላል እየጮኸ።

አንድ ቀን ጠጋ ብዬ፣ «የትኛው ተሻለ?» አልኩት።

«ይሄኛው ይጮኻል፤ ያኛው ደግሞ ድምፁ ይቆያል። ጨርሼ ሳልደነቁር አንዱን ቤቴ ማስገባት አለብኝ። የልጄ ሳቅ እንኳ እየራቀኝ ነው።»

ይህን ብሎ እንደገና ወደ መጀመሪያው ዞረ።

ዛሬ ሙህዲን ሱቁን ዘግቶ አብረን ቀብር ሄድን። ሰውዬው የትኛውን እንደሚገዛ ገና አልወሰነም ነበር።