የእትዬ ዘሀራ ድስት

የመጨረሻው ልጄ ሰሞኑን በሥራ ዝውውር ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ዕቃውን የጫነው መኪና ከቀጠሮው ሳምንት አልፎታል። «ችግር የለም አባዬ፤ የማወጣውን ሁሉ በደረሰኝ ይተኩልኛል» አለኝ በስልክ። «ደግ» ብዬ ዘጋሁት። ዓይኔ ግን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ካለው ድስት አልነቀል አለ።

ከፈረስ ቤት ወደ ቡሬ ስዛወር ወጣት መምህር ነበርኩ። ከባለቤቴና ጡት ከምትጠባ ልጃችን ጋር በአውቶቡስ ቀድመን ደረስን፤ ዕቃችንን የያዘው መኪና ግን በሰኔ ጭቃ ተይዞ አሥራ ስምንት ቀን ዘገየ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ፣ በርበሬና ጨው የሚነግዱ ሴት፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ አሸክመው መጡ። የሐዋርያት ጾም ነበር። ሥጋ በነካ ዕቃ የተሠራ እንደማንበላ ያውቁ ነበርና፣ አዲስ ድስት ገዝተው በየቀኑ ሽሮ ይልኩልን ጀመር። ባለቤቴ ስታፍር፣ «ብይ አንቺ! ወተትሽ ቢደርቅ ልጂቱ እኔን ነው የምትከስ» ይሏት ነበር።

ዕቃው ሲደርስ፣ ወጪዬ እንዲተካልኝ ፍኖተ ሰላም ወዳለው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጎረቤት እንዳስተናገደችን ስነግረው ሒሳብ ሹሙ፣ «ደረሰኝ ከሌለህ የተከፈላት ሴት ትፈርም» አለኝ። ምንም አልተከፈላትም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መብቴን የማስከብር፣ የሴትዮዋንም ውለታ የምመልስ መሰለኝ። እዚያው ተቀምጬ፣ በምኮራበት የእጅ ጽሑፌ ዘረዘርኩት፦ የፍራሽ ኪራይ፣ የምግብ፣ የድስት መግዣ።

ለእትዬ ዘሀራ አነበብኩላቸው።

«አከራየሁህ እንዴ፣ ልጄ?»

«ለወጉ ያህል ነው እትዬ። ገንዘቡ ሲወጣ ለእርስዎ ነው የማመጣው።»

«ልጂቱን ያቀፍኩበትንስ ጽፈኸዋል?»

ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙልኝ።

ገንዘቡ የወጣው አደይ ሲፈነዳ ነው። ሳይከራከሩኝ ተቀብለው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ድስቱን አጥበው አመጡ።

«ይውሰዱት መምህር። ተከፍሎበታል።»

ከዚያ ወዲህ በርበሬ ልገዛ ስሄድ ሚዛኑን አስተካክለው፣ መልሴን ሰጥተው፣ ወደሚቀጥለው ገበያተኛ ይዞሩ ነበር። ባለቤቴ በዚያ ድስት አንድ ቀን እንኳ አልሠራችበትም፤ እንድጥለውም አልፈቀደችልኝ። እትዬ ዘሀራ ካረፉ ቆይተዋል። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም።

ዛሬ ጠዋት ልጄ እንደገና ደወለ። ጎረቤቶቹ ፍራሽ አውሰውታል፤ እራትም እነርሱ ጋ ነው የሚበላው።

«ለእሱም ወረቀት ላስፈርማቸው ይሆን?»

«ተው» አልኩት።

«መብቴ አይደል እንዴ?»

መብቱ ነው። የእኔም ነበር።