ሀዘንተኛ ፊት የማይወራ

አባቴ የተቀበረው እሁድ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ በምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ወረቀት ተለጠፈ። ለምርምር ላብራቶሪው አንድ ቋሚ ቴክኒሻን ይፈለጋል፤ ምዝገባው እስከ አርብ። እኔ ሀና ማርያም ሰፈር፣ ቤታችን ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጬ ነበርና ምንም አላወቅሁም።

ጓደኛዬ ግን አውቃለች። ላብራቶሪው ውስጥ ከጎኔ የምትሠራ፣ እንደኔው የኮንትራት ሠራተኛ ናት። የሁለታችንም ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ቋሚ ያልሆነ ይሰናበታል። ስለዚህ ሰሌዳውን በየተራ ነበር የምናየው፤ ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት እኔ። ቀድማ ያየች ለሌላዋ ትደውላለች ተባብለናል።

አልደወለችም፤ በየቀኑ በአካል መጣች። ከሥራ ወጥታ ጋርመንት ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ እኛ ሰፈር ድረስ በባጃጅ። ሰሃን አጠበች፣ ለለቅሶ ደራሹ ንፍሮ አዞረች፣ እናቴን ደግፋ ጓዳ አስገባች። አንድ ምሽት «እስቲ የመሥሪያ ቤት ወሬ ንገሪኝ፣ ልቤ ትንሽ ይርሳ» አልኳት።

ትከሻዬን እየዳበሰች «ተዪው እህቴ፣ አሁን ስለ ሥራ አታስቢ። ምንም አዲስ ነገር የለም» አለችኝ። እኔም ሞኟ መረቅኳት።

በሳምንቱ ሰኞ ሥራ ስገባ ሰሌዳው ላይ ለፈተና የተጠሩ ሰዎች ዝርዝር ተለጥፏል። የእሷ ስም ሦስተኛው ነው። ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሮጥኩ። የተቀበሉኝ ሴትዮ ጥቁር ልብሴን አይተው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው ያዘኑልኝ። ምዝገባው ግን ተዘግቷል።

ላብራቶሪ ውስጥ ጓንቷን ስታወልቅ ደረስኩባት። «እንዴት አትነግሪኝም?»

«ሀዘንተኛ ፊት እንዴት ስለ ሥራ ይወራል? ሰው ምን ይለኛል?» አለች ዓይኔን እያየች።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁላት። «እኔው ጠይቄሽ የለም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ጓንቷን ጥላ እጇን መታጠብ ጀመረች፤ አንዱ ባልደረባችን «ሀዘን ነው፣ እዘኑላት» ሲል ሰማሁት። በገንኩ። በአባቴ ሞት ተከልላ እንጀራዬን ወሰደችው፣ ክፉዋ ደግሞ እኔ ሆንኩ።

ፈተናውን አለፈች። ወሩ ሲያልቅ የናሙና ማስቀመጫ ፍሪጁን ቁልፍና መዝገቡን ያስረከብኩት ለእሷ ነው። ልታቅፈኝ እጇን ስትዘረጋ «እዚህ ጋ ፈርሚ» አልኳት። ፈረመች።

ቤት ስደርስ እናቴ የአባቴን አርባ ለማውጣት ሽር ጉድ ትላለች። ሥራ ማጣቴን ገና አልነገርኳትም።

«ያቺን የተባረከች ልጅ ጠርተሻታል? ያኔ እንዴት እንደደከመችልን!» አለችኝ።

«አይመቻትም እማዬ» አልኳት። «ሥራ ላይ ናት።»