የባንቺአየሁ ግራ እጅ

በእንጅባራ ገበያ ድንች የምትሸጠው ባንቺአየሁ ግራኝ ናት። ይህን ወንጀል የፈጸመችው ስትወለድ ነው። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ግራ እጇን በመቀነት ከወገቧ ጋር እያሰሩ አሳደጓት። ስለዚህ በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ታማትባለች፣ በቀኟ ሰላም ትላለች። የቀኝ እጅ አገዛዝ ቤቷ ድረስ ገብቶ ያልተቆጣጠረው አንድ ነገር ቢኖር ከበሮ ብቻ ነው። ከበሮ ያነገተች ዕለት ግራ እጇ ከእስር እንደተፈታ ሰው ያደርገዋል።

ከበሮ ሁለት አፍ አለው። ሰፊው በቀኝ እጅ እየተመታ ያጓራል፤ ጠባቡ በግራ እጅ እየተመታ ይመልስለታል። ይህን ማን እንደደነገገው አይታወቅም። ባለቤቱ ያልታወቀ ሕግ ደግሞ በእኛ አገር ዘበኛ አጥቶ አያውቅም። ባንቺአየሁ ገልብጣ ታነግተዋለች፤ ሰፊው ወደ ግራ፣ ጠባቡ ወደ ቀኝ። በዚህ እጅ የእንጅባራ ስንት ሰርግ ደምቋል። ያኔ የበላውም የጠጣውም ትከሻውን የነቀነቀውም ግራ ነው ቀኝ ነው ብሎ አልጠየቀም።

የጠየቀችው ወርቅአየሁ ናት፣ የባንቺአየሁ ወንድም የስማቸው ሚስት። ልጃቸው ሀይማኖት ለዳንግላ ልጅ ስትታጭ ወርቅአየሁ በአንድ ጊዜ ቁመት ጨመረች፣ አንገቷም ለመዞር ከበዳት። ባንቺአየሁን ጓሮ ጠርታ እንዲህ አለቻት፦

«ስሚ እንግዲህ እቴ። የዳንግላ ሰዎች ዐይናቸው ክፉ ነው። በር ላይ በግራ ስትመቺ ቢያዩ ምን ይሉናል? ደግሞም በግራ የተመታ ሰርግ አይበረክትም። ወይ በቀኝሽ ምቺ፣ ወይ ከበሮውን ለሰው ስጪ።»

«ያንቺ ሰርግ በቀኝ ነው የተመታው፣ አይደል?»

«አዎ፤ እና?»

«ምንም። ወንድሜ ትናንት ለምን እኔ ቤት እንዳደረ ሳስብ ነው።»

ወርቅአየሁ አኮረፈች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

በር የተባለው ቀላል ነገር አይደለም። የሙሽራው ወገን ሲመጣ የሙሽሪት ሴቶች ከግቢው በር ላይ በዘፈንና በከበሮ ይገጥሙታል። ከበሮው እስካልተቋረጠ ድረስ ሰርገኛው አይገባም። መቺዋ አንድ ጊዜ ከሳተች ወይ ካቆመች ግን ሚዜዎቹ በሩን ገፍተው ይገባሉ፤ የሙሽሪት ቤትም እስከ ልጅ ልጅ ይተረትበታል። ሀይማኖት ደግሞ ጡት ከተወች ጀምሮ ያደገችው በባንቺአየሁ ጀርባ ነው። የዚያችን ልጅ በር ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት አይታሰብም።

«ቀኝ ከሆነ ቀኝ!» አለች ባንቺአየሁ በእልህ። «አቃታት የሚል አፍ ግን አይከፈትም።»

ልምምዱን የጀመረችው በድንች ጆንያ ነው። የከበሮ ቆዳ እጅን መልሶ ያነሳል፤ ጆንያ ግን ሰነፍ ነው፣ የመታውን እጅ ውጦ ዝም ይላል። እጅ በራሱ ጉልበት መነሳትን የሚማረው እንዲህ ካለ ሰነፍ ጋር ሲውል ነው። ገዢ ሲጠፋ ቀስ እያለች ትመታለች። ፍጥነት ቆይቶ ይመጣል፤ አጉል የለመደ እጅ ግን አይመለስም። ምቱ ከእጅ አንጓ እንጂ ከክርን እንዳይመጣ በቀኝ መዳፏ ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ድንች ታስቀምጣለች። ድንቿ ከወደቀች ክርን ጣልቃ ገብቷል ማለት ነው። ወደቀች። አነሳቻት። ደግማ ወደቀች።

«አንቺ ሴት፣» አላት አጠገቧ ሽንኩርት የሚሸጠው ጎሹ፣ «ከደበደብሽው አይቀር ቀቅለሽ ደብድቢው፤ ፍትፍት ይወጣዋል።»

«አንተ ሽንኩርትህ ላይ አልቅስ።»

ቀኙ እየተገራ ሲሄድ ሁለቱን እጆች ማስማማት ጀመረች። ወደ ገበያ ስትሄድ እግሯ ዝግ ያለውን ምት ይይዛል፣ ቀኟ ጭኗ ላይ እጥፉን ይመታል፣ ግራዋ በመሃል በመሃል ይገባል። አንዱ ሌላውን ተከትሎ ሲሮጥባት መንገድ ላይ ቆማ ራሷን ትሳደብና ከመጀመሪያው ትነሳለች። ባጃጅ ስትሳፈር የፊቱን ወንበር ትመታለች። ሹፌሩ ወራጅ መስሎት ጥግ ይይዛል።

«ወራጅ የለም፣ ንዳ!»

«ታዲያ ምን ያስደበድብሻል?»

«አንተን አይደለም፣ ንዳ ብያለሁ።»

ሰርጉ ሲቃረብ ሴቶቹ ዘፈን ሊያጠኑ እነ ስማቸው ግቢ ተሰበሰቡ። ጥር ነው፤ የእንጅባራ ብርድ የከበሮውን ቆዳ አላልቶት ስለነበር ፀሐይ ላይ አሙቀው አመጡላት። ባንቺአየሁ ሰው ሁሉ እንደሚያነግተው አነገተች፣ በቀኟም መታች። አንድ እንከን አልተገኘባትም። እልልታው ቀለጠ። ወርቅአየሁ ሮጣ አቀፈቻት።

«ተመስገን! ተቃናሽልን እኮ! ይኸው ሰው ሆንሽ!»

«ተቃናች!» አሉ ሌሎቹም እየተቀባበሉ።

ባንቺአየሁ ከበሮውን አወረደች። መቃናት የጠማማ እንጨት ወግ ነው። እሷ የለፋችው እችላለሁ ለማለት ነበር። እነሱ ልምምዷን እንደ ንስሐ ቆጠሩት።

የሰርጉ ዕለት የዳንግላ ሚኒባሶች ጥሩንባቸውን እየነፉ ደረሱ። ዋና ሚዜው ተሻገር የሚባል አፈ ጮሌ ነው። ባንቺአየሁ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከበሮው ተገልብጧል፤ ሰፊው አፍ በግራዋ በኩል ነው። ወርቅአየሁ ያየችው ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ ነው። ነጠላዋን እየጎተተች መጥታ በጆሮዋ አንሾካሾከች፦

«ገልብጪው! አሁኑኑ ገልብጪው!»

«ለመገልበጥ ማቆም አለብኝ። ላቁም?»

ወርቅአየሁ ወደ በሩ ዞር አለች። ተሻገር ትከሻውን ገርበብ ያለው መዝጊያ ላይ ጥሎ ከበሮው እስኪቋረጥ ያደፍጣል።

«አታቁሚ!» አለች። ከዚያ ምን ታድርግ፣ ማጨብጨብ ጀመረች።

የፈራችው አልቀረም። «እንዴ፣ የእንጅባራ ሰዎች!» ሲል ጮኸ ተሻገር። «ከበሮ በግራ የምትመቱት ቀኝ አልቆባችሁ ነው?» ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ቀኜንማ ለሰላምታ አስቀምጬልህ ነው!» አለች ባንቺአየሁ ምቷን ሳትለቅ። «ከገባህ ትጨብጠዋለህ!»

ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። እሷም ፍጥነት ጨመረች። ግራዋ ሰፊውን ሲያስጓራው፣ ጆንያ ላይ የተገራው ቀኟ ጠባቡ ላይ ምቱን እንደ በረዶ ያወርድበታል፤ እንዲህ ያለ ምላሽ በፊት ከዚያ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሚዜዎቹ በጭብጨባ ሊከተሏት ሞከሩ፣ ተሳከረባቸው፣ ዘፈናቸውን ጣሉ። በዚያ ብርድ ተሻገር ላብ አጠመቀው።

«እትዬ፣ ይብቃዎት። እጅዎ ይጎዳል።»

«ደክሞህ ከሆነ እዚያ ድንጋይ አለልህ፣ ተቀመጥ።»

ስማቸው ከዳስ ብቅ ብሎ «ወጡ ቀዘቀዘ፣ አስገቧቸው» ሲል በእጁ ምልክት ሰጠ። ባንቺአየሁ ምቱን ዝግ ማድረግ ስትጀምር ጆሮዋ ስር የጮኸችው ወርቅአየሁ ነበረች። ሻሿ ወርዷል፣ ፊቷ ቀልቷል፣ የዳንግላ ትዕቢት መሬት ሲነካ በዐይኗ አይታ አልጠገበችም።

«ምነው ቀዘቀዝሽ? ምቺ እንጂ!»

«በየትኛው እጄ?»

«ኧረ በፈለግሽው! ብቻ እንዳይገቡ!»

ሙሽራው ምሳውን ያገኘው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው።