ሐጂያ የቆለፉት ዕቃ ቤት

ሥራ የጀመርኩት ከአዲስ አበባ በባቡር ድንበር ተሻግሬ ናጋድ ጣቢያ በወረድኩ ማግስት ነው። የተቀጠርኩበት ቤት ቡላኦስ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነበር። እመቤቴ ሀዋ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር ሳቀችብኝ።

«እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቺ በይኝ።»

ወጥ ቤቱንና የልብስ ማጠቢያውን አሳየችኝ። ግቢው ጥግ ካለው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ስንደርስ ሳቋ ጠፋ። በሩ ተቆልፏል።

«እሱን አትንኪ። የሐጂያ ነው» አለች። ሐጂያ አብረዋት የሚኖሩት የባሏ እናት ናቸው።

እዚህ አገር የቤት ሠራተኛ «ቦዬስ» ትባላለች። በትልልቅ ቤት ቦዬስ ታጸዳለች፣ ምግብ የሚያበስለው ሌላ ነው። እኔ ሁለቱንም እሠራ ነበር። ከምሳ በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ጋደም ሲል፣ እኔ ዕቃ አጥባለሁ።

አንድ ቀን በዚያ ሰዓት መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ሲቆም ከዕቃ ቤቱ ድምፅ መጣ። ቋ። ዝም አለ። ከዚያ ቋ፣ ቋ። ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ጣቱን የሚያንቋቋ ይመስላል። ሳህኑን አስቀምጬ ወደ በሩ ጠጋ ስል ቆመ። ዞር ስል ቀጠለ።

ለሀዋ ስነግራት አልደነገጠችም።

«ሰማሽው? ከአንቺ በፊት የነበረችው ልጅ በሱ ነው ሳትሰናበተን የሄደችው።»

ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። የወር አበባዋ ወራት ይጠፋል። ጸጉሯ በማበጠሪያው ይወጣል። ሐጂያ «እዚያ ውስጥ ጂን አለ፤ ልጆቹን ሳይወለዱ የሚጠጣቸው እሱ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ጂኑን እንዲያባርር ቁርኣን የተቀራበት ውሃ በባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች እየሞሉ እዚያው ቆለፉበት። ሀዋ በየጠዋቱ ከዚያ ውሃ ትጠጣለች።

ጠርሙሱን ከሐጂያ እጅ ተቀብዬ የምቀዳላት እኔ ነበርኩ። ትኩሳት የያዘው ሰው ገላ የነካሁ ያህል ይሞቃል።

በኋላ ሀዋ ክሊኒክ ስትሄድ ይዛኝ ሄደች። አዋላጇ ምን እንደምትበላና እንደምትጠጣ ጠየቀቻት፤ የምግቡን እኔ፣ የውሃውን እሷ ነገርናት። መልሱን ሀዋ ከፈረንሳይኛ እየተረጎመች አሰማችኝ።

«አንዳንድ ፕላስቲክ ሲሞቅ ወደ ምግብና ውሃ የሚገባ ነገር አለው። ሰውነት ከራሱ ሆርሞን ጋር ያምታታዋል። ያንቺ ሕመም ከዚህ መጣ ግን አልልሽም፤ ደምሽን እንመርምር። እስከዚያ ፕላስቲክና ሙቀትን አራርቁ።»

ቤት ስንገባ ሀዋ ሐጂያን ቁልፉን ጠየቀቻቸው።

«ከከፈትሽው ይወጣብሻል» አሉ በሶማሊኛ፤ ሀዋ ናት በኋላ የተረጎመችልኝ። ከዚያ ቁልፉን በመዳፋቸው ጨበጡት። «እኔም እሰማዋለሁ እኮ። ፈርቼ ነው የቆለፍኩት።»

በመጨረሻ ቁልፉን ሰጡ። የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ድምፁ እየተሰማ። ጠርሙሶቹ ከወለል እስከ ቆርቆሮው ተደርድረዋል፤ በሙቀት ተነፍተዋል። የተጨማደደው ጎናቸው ወደ ውጭ ሲመለስ ቋ ይላል። በሩ ሲከፈት አንዱ ከላይ ወድቆ እግሬ ሥር ተንከባለለ። ሐጂያ ጮኹ።

«ጠርሙስ ነው» አለች ሀዋ። ማንም አልሳቀም። አንዱን ከፍታ አሸተተችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ይሄን ነው ስጠጣ የኖርኩት።»

ሐጂያ የተቀራበት ውሃ ፍሳሽ ውስጥ አይደፋም ስላሉ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አፈሰስነው። ከዚያ በኋላ የሚቀራበትን ውሃ ራሳቸው በሸክላ እንስራ አስሞሉ።

ወጥ ቤቱ የእኔ ተራ ነበር። ትኩስ ሾርባ የምገለብጥባቸውን የእርጎ ባልዲዎች አወጣሁ። ሩዝ በፌስታል መቋጠር ቀረ። በምትካቸው የቲማቲም ድልህ የመጣባቸውን የብርጭቆ ዕቃዎች አጥቤ ደረደርኩ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ከብርጭቆ ሌላ አላስገባም። የጣሪያው የውሃ ታንከር ፕላስቲክ ነው፤ መቀየር አልቻልንም። ምንጣፍ አልብሰነው የመጠጡን ውሃ ጠዋት ሳይሞቅ መቅዳት ጀመርን።

ምርመራው የታይሮይድ ችግር አሳየና ሀዋ መድኃኒት ጀመረች። ከወራት በኋላ የወር አበባዋ ጊዜውን ጠብቆ መምጣት ያዘ። «መድኃኒቱ ነው ወይስ እንስራው?» ብዬ አዋላጇን በሀዋ በኩል አስጠየቅኳት። «አላውቅም» አለች። ልጅ ግን እኔ ከዚያ ቤት እስክወጣ አልመጣም።

ሐጂያ ከምሳ በኋላ በባዶው ዕቃ ቤት ደጃፍ መቀመጥ ጀመሩ። ሁሉ ጸጥ ብሏል። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘንብለው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን በሶማሊኛ አንድ ነገር አሉኝ። ሀዋ ተረጎመችልኝ።

«እንግዲህ ጂኑ ከሌለ በማን ላሳብብ? ነው የሚሉሽ።»

አሁን ሌላ ቤት እሠራለሁ። አዲስ ለሚመጡ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህን ነው። ትኩስ ነገር በፕላስቲክ አታስቀምጡ። የመጠጥ ውሃ ፀሐይ ላይ አይዋል። ሁሉንም መቀየር ካልቻላችሁ ከሚሞቀው ጀምሩ። የታመመ ካለ ደግሞ ሐኪም ይየው።